ከቴሴራዬ የጎደሉት ሰባት ዓመታት

ጎጎ ኖምሳ ሱቄ ፊት ስትቆም ከድምፅዋ ሽታዋ ይቀድማል። ጉልበቷን ጠዋትና ማታ የምትቀባው አረንጓዴ ቅባት አለ፤ ካንፎር ካንፎር የሚል፣ አፍንጫን ሰርስሮ ገብቶ ዓይን የሚያስነባ። በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦና ሻማ ላቀብላት ጎንበስ ስል ያ ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ያን ጊዜ ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ መሆኔንም፣ ከኋላዬ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት እስከ ጣሪያ መደርደሩንም፣ ስልሳ አንድ ዓመት የሞላኝ አንካሳ መሆኔንም እረሳና አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የመልበሻ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ጭኔን ገልጬ ቁጭ እላለሁ። የቡድናችን ወጌሻ እጁን በዚያው ዓይነት ቅባት አርሶ ባቴን ሲያሸኝ ይሰማኛል። ከበላያችን ሕዝቡ በእግሩ ሲደልቅ ከጣሪያው አቧራ ይረግፋል። "ሳውቦና ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬም ቆመህ ነው የምትተኛው?" ትለኛለች ጎጎ፤ እኔም እመለሳለሁ። እዚህ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሐበሻ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው፤ አሮጊት ሁሉ ደግሞ ጎጎ። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ስም ተጠርቻለሁ። እሷ በአምስት ዓመት ብቻ የምትበልጠኝ ጎረቤቴ ስለሆነች ትንሽ የበለጠ ታውቃለች፤ አንድ ቀን ኳስ ተጫዋች እንደነበርኩ ነግሬያት እስክትጠግብ ስቃብኛለች።

ትሳቅ። እኔም መስታወት ሳይ አላምንም። ግን ነበርኩ። ግራ ክንፍ ነበርኩ፤ ኳሷን ከመሐል ሜዳ ተቀብዬ መስመሩን ይዤ ከተነሳሁ ከማዕዘኑ ባንዲራ በፊት የሚያስቆመኝ አልነበረም። ርካሹ መቀመጫ ካታንጋ ላይ የተሰበሰበው ደጋፊ "ፌርማታ የለም! ፌርማታ የለም!" ይል ነበር፤ ታደሰ መባሌ ቀርቶ ፌርማታ ተባልኩ። ያኔ የካታንጋ መግቢያ ብር ከሃምሳ ነው፤ ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ ሃያ አምስት። ፒያሳ ከሲኒማ ቤቱ ማዶ አንዲት ጠባብ ኬክ ቤት ነበረች። ባለቤቱ እኔ ስገባ ቴፑን ዝም ያሰኝና ስላለፈው እሁድ ጎል ያስወራኛል፤ ሒሳብ ልክፈል ስል ይቆጣል። ቱታ ነበረኝ፣ ሰማያዊ፣ በጎኑ ሁለት ነጭ መስመር የወረደበት። የዛሬ ሰው ቱታ ምን እንደነበረ አይገባውም። ሙሉ ልብስ የለበሰ የባንክ ሠራተኛና ቱታ የለበሰ ኳስ ተጫዋች በአንድ መንገድ ሲያልፉ ልጃገረዶቹ ወዴት እንደሚዞሩ የታወቀ ነበር። ለእኅቴ ሠርግ ሆሳዕና የሄድኩት በቱታዬ ነው፤ ከሚዜዎቹ መሐል ገብቼ ፎቶ ስነሳ ማንም ነውር ነው አላለኝም። እናቴ ብቻ "ልጄ፣ ሱሪ የለህም?" ብላኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማር። አሁን ጠባቂ ከሌለው ሱቅ ውስጥ በጨርቅ የታሰረ ጉልበቴን ዱቄት ላይ ዘርግቼ ያንን ቱታ ሳስብ አንዳንዴ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። ሐፍረትም ነው፣ ናፍቆትም ነው፤ ለይቼ አላውቀውም።

ያንን ሁሉ የሰጠኝ አንዲት ካርቶን ናት። ቴሴራ እንላታለን፤ የተጫዋች መታወቂያ። ፎቶ አለባት፣ ማኅተም አለባት፣ የትውልድ ዓመት የሚጻፍባት ባዶ መስመር አለባት። ያቺ ባዶ መስመር ናት ነገሩ። ዕድሜ መቀነስ በዚያ ዘመን ፀጉር እንደመቆረጥ ያለ ነገር ነበር። ማንም አይደብቀውም፣ ማንም አያወራውም። "የምትነግረን ዕድሜ የቴሴራህን ነው ወይስ የእናትህን?" እየተባባልን እንሳሳቅ ነበር። እኔ ሆሳዕና ለዱቄት ፋብሪካው ቡድን ስጫወት ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ቀጭን ነበርኩ፣ ጺም ደግሞ እምቢ ብሎኛል፤ በጉንጬ ላይ ከአሥር የማይበልጥ ፀጉር ነው የበቀለው። በዚያ ዓመት የአውራጃው የወጣቶች ምርጥ ቡድን ወደ አዲስ አበባ ለውድድር ሊሄድ ሆነ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ አይገባም። የቡድን መሪው አቶ ደምሴ ቤቱ አስጠራኝና አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ በግ እንደሚገዛ ሰው። "ትሆናለህ" አለኝ። ሰባት ዓመት ቆረጠልኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኝ አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከፋብሪካው ሚዛን ቤት ሌላ የሚጠብቀኝ ሕይወትም አልነበረም። ይህን የምለው ምክንያት ልስጥ ብዬ አይደለም። ያኔ የተሰማኝ ደስታ ብቻ ነው፤ ደስታዬ ደግሞ ሙሉ ነበር።

እንግዲህ የግራ ክንፉ ቦታ ባለቤት ነበረው። ማቴዎስ ይባላል፣ የዘለቀ ታናሽ ወንድም። ዘለቀ ከእኔ ጋር ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው። ማቴዎስን ያወቅሁት በወንድሙ ጫማ ሲንሸራተት ነው። ጎፈር ሜዳ ያለው ቤታቸው በር ላይ ቆሞ "ጋሼ ታደሰ መጣ" ብሎ ወደ ውስጥ ይጮህ ነበር። በእኛ አገር የታላቅ ወንድም እኩያን በስሙ መጥራት አይታሰብም፤ ጋሼ ነው። ኳስን ያስያዝኩት እኔ ነኝ ብል አልዋሽም። በግራ እግሩ እንዲመታ ቀኙን በገመድ አስሬ አለማምጄዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከእኔ ይፈጥን ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አሁን ማን ይከስሰኛል፤ ከእኔ ይሻል ነበር።

ስሙ ከዝርዝሩ ወጥቶ የእኔ ሲገባ ማቴዎስ ብቻውን ወደ ኮሚቴው መጣ። ስብሰባው በአውራጃው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ግድግዳው አረንጓዴ የተቀባ፣ ጠረጴዛው ላይ የተደፋ ቀለም የደረቀበት ክፍል። አቶ ደምሴ ቀድሞ መክሮኛል፤ "ጋሼ ካለህ እንዳትመልስለት" ብሎኛል። ማቴዎስ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ "ይሄ ሰው የወንድሜ የክፍል ጓደኛ ነው፤ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ ታደሰ፣ እባክህ እውነቱን ንገራቸው።" ሲከስሰኝ እንኳ ጋሼ ብሎ ነበር የከሰሰኝ። የኮሚቴው ሰዎች እኔን አዩኝ። እኔም ትከሻዬን ሰበቅ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ፣ "የምን ጋሼ ነው? እኩያዬ አይደለህ እንዴ?" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አቶ ደምሴ መጽሐፍ ቅዱስ አቀረበልኝ፤ ሁላችንም የወንጌል አማኞች ነን፣ መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። እጄን ጫንኩበት። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው ብዬ ማልኩ።

በዚያ አላበቃም። የእምነት ወንድሙን በሐሰት ከሰሰ ተብሎ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ማቴዎስን ከመዘምራን አወረዱት። ቅጣት ላይ ዋለ፤ እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት በነበረው ሳምንት ሽማግሌዎቹ እናቱ ቤት ሰበሰቡንና ይቅርታ አስጠየቁት። ጠየቀኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ዘለቀ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም፤ ለአንዳችንም አልመሰከረም። ጓደኛውንም ወንድሙንም ማጣት አልፈለገም መሰለኝ፤ በኋላ ሁለታችንንም አጣን። ማቴዎስ ከዚያን ቀን በኋላ ታኬታ አላጠለቀም ብለው ነገሩኝ።

እኔማ አጠለቅኩ። አዲስ አበባ በዚያ ውድድር አንድ ትልቅ ክለብ አየኝና አስቀረኝ። ካምፕ ገባሁ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ሥጋ፣ ማታ ሾርባ። በወረቀት አሥራ ዘጠኝ ስለሆንኩ ከታዳጊዎቹ ጋር ሁለት ጊዜ ልምምድ አሠሩኝ፤ ከዋናው ቡድን ጋር ደግሞ አንድ ጊዜ። ወጣት ነው፣ ይችላል ይባላል። ቻልኩም። ግን ሰውነት ቴሴራ አያነብም። በወረቀት ሃያ አራት ስሆን ጉልበቴ ሠላሳ አንድ ነበር፤ አሰልጣኙ "በሃያ አራት ዓመት እንዴት ይደክምሃል?" እያለ ሲጮህብኝ ጎንበስ ብዬ ታኬታዬን አጥብቄ አስር ነበር። ደክሞኛል ማለት ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ወጌሻው መርፌ ወግቶኝ፣ ያንን ቅባት ቀብቶኝ፣ ጉልበቴን በፋሻ ጠፍሮ ያስገባኝ ነበር። በጠቅላላው ዘጠኝ ዓመት ሮጥኩ። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ በጨዋታ መሐል፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ባጠገቤም ሰው ሳይኖር ስዞር ጉልበቴ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ካታንጋ ለአፍታ ፌርማታ የለም ማለቱን ቀጥሎ ነበር፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዝም አለ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙ አላወራም፤ የሁላችንም ታሪክ ነው። ሚዛን ቤት ተመለስኩ፣ ሚዛን ቤቱ ተዘጋ፣ ሆሳዕና የቀረ ወንድ የሌለ እስኪመስል ሁሉም ወደ ደቡብ ሲነጉድ እኔም ነጎድኩ። ሞያሌን፣ ናይሮቢን፣ የማላዊን ካምፕ አልፌ ጆሃንስበርግ ስደርስ በእጄ የቀረችው ያቺ ቴሴራ ብቻ ነበረች። ልብሴን ጥዬ እሷን ይዤ ነው የመጣሁት። ከሌሎቹ ወረቀቶቼ ሁሉ በላይ የምወዳት እሷን ነበር፤ ከላይዋ ቀጭኑ፣ ፈገግ ያለው ሰውዬ አለ። የስደተኛ ፔፐር ለማውጣት መታወቂያ ስጠየቅ ያቺኑ ሰጠሁ። ጠያቂዋ ሴትዮ የትውልድ ዓመቱን ከዚያው ላይ፣ አስተርጓሚው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦላት፣ ገለበጠችው። አንድ ቃል ብናገር ይስተካከል ነበር። ተጨማሪ ጥያቄ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሰባት ዓመቴን ሁለተኛ ጊዜ የጣልኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ብርድ ልብስ ተሸክሜ በር ለበር ዞርኩ፤ በኋላ ይህችን ስፓዛ ከፈትኩ። አሌክሳንድራን ሰው ሁሉ ይሰድባታል፤ እኔ አልሰድባትም። ጠዋት ጠዋት ከታክሲዎቹ ጡሩምባ ጋር የሚነሳ፣ እየተገፋፋ የሚስቅ ሕዝብ ነው። ግን አልፎ አልፎ አንድ ነገር ይመጣል። ከላይኛው መንገድ ፉጨት ይሰማል፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ ሰው። የውጭ አገር ሰው ሱቅ ይዘረፋል። ያኔ እዚህ የኖረ ሐበሻ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሱቁን ትቶ መሮጥ። ዕቃ ይተካል። ባለፈው ጊዜ ሲመጡ ከእኛ መደዳ ያሉት ሁሉ ሮጡ። ሱማሌው ሮጠ፣ የስልጤው ነጋዴ በስልሳ አምስት ዓመቱ ሮጠ። ፌርማታ የለም የተባልኩት እኔ በጀርባ በር ወጥቼ አምስት እርምጃ ሄድኩና ወደቅሁ። እየተጎተትኩ ተመለስኩ፤ ሁለት የዱቄት ከረጢት በላዬ ስቤ ከሥራቸው ተኛሁ። ዕቃዬን ሲያወጡ እግራቸው ከፊቴ አንድ ክንድ ላይ ነበር። አንደኛው ከረጢቱን ቢያነሳ ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር። ሲሄዱ ተነስቼ አለቀስኩ። ሱቅ እንደገና ሞላሁ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ከረጢቶቹን አያለሁ። ሁለተኛ ጊዜ እንደማይሠሩልኝ አውቃለሁ።

ጎጎ ኖምሳ ጉልበቷን በመንግሥት ሆስፒታል አስቀይራ በመጣች በስድስተኛ ወሯ ሱቄ ድረስ ያለ ምርኩዝ መጣች። ቅባቱን ለሁለተኛው ጉልበት ነው አሁን የምትጠቀመው። "አንተም ሂድ" አለችኝ። ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። የጉልበቴን የራጅ ፎቶ ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው፤ ከዚያ ፋይሌን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። "ሃምሳ አራት?" አለኝ። "ይሄ ጉልበት ካንተ ይበልጣል።" ሰው ሠራሹ ጉልበት የራሱ ዕድሜ እንዳለው፣ ሲያልቅ መልሶ መቀየር ከባድ እንደሆነ አስረዳኝ። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ለሽማግሌዎች ነው፤ ስልሳ ሲሞላኝ እንድመለስ፣ እስከዚያ በኪኒንና በመርፌ እንድገፋው ነገረኝ። ስድስት ዓመት። "ስልሳ አንድ ነኝ" አልኩት። ፈገግ አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ከፍ አድርጎ የሚዋሽ የመጀመሪያው ሰው ሳልመስለው አልቀረሁም። እንድትራመድ ነው የምትፈልገው ወይስ ሕመሙ እንዲቀንስ ብሎ ጠየቀኝ። "እንድሮጥ" አልኩት። ቀልድ መሰለው። ስወጣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ በልጅነቴ የሚያውቀኝ፣ ዘመዴ ያልሆነ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃለ መሐላ ቢሰጥልኝ ሐኪሞቹ እንደገና እንደሚያዩት ነገረችኝ። አፊዳቪት ይሉታል እዚህ።

እናቴ ሞታለች። አቶ ደምሴ ሞቷል። ዘለቀ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ዕድሜዬን የሚያውቅ አንድ ሰው በዚህ ከተማ ነበር፤ ክሊፕታውን ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ስፓዛ እንዳለው ካወቅሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እሱም እኔ የት እንዳለሁ ያውቃል። ሜይፌር ባለው ቤተ ክርስቲያን እሱ በጠዋቱ ፕሮግራም ሲመጣ እኔ በከሰዓቱ እሄድ ነበር፤ ለቅሶ ቤት እሱ ካለ እኔ ቆይቼ እደርሳለሁ። ማንም ይህን አልደለደለልንም፣ እንዲሁ ተግባባን።

አንድ ሰኞ ሱቄን ዘግቼ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። የክሊፕታውን ሴቶች መንገድ ዳር ብረት ምጣድ ላይ የዶሮ እግር ያበስላሉ፤ በጢሱ መሐል አልፌ ከፍርግርጉ ፊት ቆምኩ። ማቴዎስ ራሰ በራ ሆኗል። መነጽር አድርጓል። መጀመሪያ እንደ ደንበኛ አየኝ፤ ከዚያ እጁ ስኳር ላይ እንዳለ ቀረ።

"ደህና ነህ ማቴዎስ።"

"ደህና ነኝ።" በምንም ስም አልጠራኝም። "ዘለቀ ማረፉን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ።"

"አዎ፣ ቀረህ።" አንዲት ሴት የስልክ ኤርታይም ጠየቀችው፤ በዙሉ እየቀለደ ሸጠላትና ወደ እኔ ተመለሰ። "ምን ፈልገህ ነው?"

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "ዕድሜዬን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ነው" አልኩት። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ከረጢቶቹ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ቃለ መሐላው ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

"ስንት ዓመትህ ነው?" አለኝ።

"አንተ ታውቀዋለህ።"

"እኔማ አውቀዋለሁ። ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

"ስልሳ አንድ።"

"ፔፐርህ ላይስ?"

"ሃምሳ አራት።"

"የኔ ዕድሜ" አለ።

"አዎ። ያንተ።" ፍርግርጉን በሁለት እጄ ያዝኩ። "ማቴዎስ፣ ይቅር በለኝ።"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። "እኔ ምን ብዬ ነው ይቅር የምልህ? ይቅር ባዩ አንተ ነህ። እናቴ ቤት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት ይቅር ብለኸኛል። እናቴ አታካና ሠርታ፣ ቅቤውን ካንተ በኩል አፍስሳ አብልታሃለች። ጣትህን ልሰህ አመሰገንካት።" አታካናውን ረስቼው ነበር። አሁን ጣዕሙ ሳይቀር መጣብኝ፤ ቡላው፣ ወተቱ፣ ትኩስ ቅቤው። ከዚያ ቤት የወጣሁት ጠግቤ ነው። "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያው ጋ ጠብቀኝ" አለኝ ማቴዎስ። "ያኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አዲስ ነገር አልጨምርም።"

በማግስቱ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ክራቫት አስሯል፤ ለአንድ ወረቀት ክራቫት ምን ያደርጋል ብዬ በልቤ ተገረምኩ፣ በኋላ ገባኝ። ፖሊሷ ሻይዋን እየጠጣች ፎርሙን አወጣች። ይህን ሰው እንዴት ታውቀዋለህ አለችው። ማቴዎስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያኔ በሩ ላይ እንደቆመው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። "የወንድሜ የክፍል ጓደኛ ነው" አላት። "በሰባት ዓመት ይበልጠኛል።" በምን እርግጠኛ ሆንክ አለችው። "በእኛ አገር ታላቅህን በስሙ አትጠራውም። ጋሼ ትለዋለህ። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ሰው ጋሼ ነበር የምለው።" አሁንስ ምን ትለዋለህ አለችው፣ እየጻፈች፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። ማቴዎስ የክራቫቱን ቋጠሮ አስተካከለ። እሷም መልስ አልጠበቀችም። ጽፋ ስትጨርስ ሕጉ የሚያዘውን ጥያቄ ጠየቀችው፤ "ለመማል የሚከለክልህ ነገር አለ?" ማቴዎስ ዞር ብሎ አየኝ። ረዘም ያለ እይታ ነበር። "የለም" አለ። ቀኝ እጁን አነሳ። ማኅተሙ ሲያርፍ የጠረጴዛው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። እሱ ወረቀቱን ወዲያው አልሰጠኝም። ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ማኅተም ያለው ሰው እንዲያምነው ሲጠብቅ ኖሮ ነበር፤ ክራቫቱም ለዚያ ነበር።

ወረቀቱን ሆስፒታል ወስጃለሁ። ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፣ ሐኪሞቹ እስኪያዩት ጠብቅ ተብያለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው። ይሆናልም አይሆንምም ያለኝ የለም። ትናንት ከላይኛው መንገድ ፉጨት ሰምቼ ከረጢቶቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ፤ ሠርገኞች ነበሩ። እኔን ግን የሚመላለስብኝ ከጣቢያው ስንወጣ የሆነው ነው። ከጣቢያው በር እስከ መንገዱ ደረጃ አለ፤ መደገፊያው ብረት ተነቅሏል። መውጣቱን እንደምንም ችዬዋለሁ፤ መውረድ ነው ለእኔ የሚከብደኝ፣ ጉልበቴ ሰውነቴን አይሸከምም። ማቴዎስ ክራቫቱን እያላላ ቀድሞኝ ሁለት ደረጃ ወረደ። እኔ ከላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ይተላለፋል።

"ማቴዎስ፣ እጅህን ስጠኝ" አልኩት።

ቆመ። ዞሮ አንጋጦ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ሳቅም አልነበረም።

"ምነው?" አለኝ። "እኩያዬ አይደለህ እንዴ?"

ከዚያ የቀሩትን ደረጃዎች በእርጋታ ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የቆመ ታክሲ ውስጥ ገባ። ታክሲው እስኪሄድ አየሁት። እኔም ወረቀቱን በጥርሴ ነከስኩ፤ ሁለት እጄን ደረጃው ላይ ተክዬ፣ በመቀመጫዬ፣ አንድ በአንድ ወረድኩ።